ጊታሩም የሚዘፍንበት አልበም
የአንባቢያን የሙዚቃ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ፖስታዬን የሞላው አንድ ባንድ ነው። ባለፈው እትም ስለ ድምፅ ቀረጻ ስጽፍ፣ «ቦስተን የሚባለው የአሜሪካ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኛውን የሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው» ብዬ እንደዋዛ አልፌ ነበር። አንባቢ ግን አላለፈኝም። ጥያቄው ስለበዛ ተመሳሳዮቹን ትቼ ስድስቱን መርጫለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ለእኔ ሮክ ማለት ጩኸት ነው። እርስዎ ግን ቦስተንን «ሜሎዲክ ሮክ» ብለው ጠሩት። ጩኸትና ዜማ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?
ሜሮን፣ ከአዳማ

ሜሮን፣ ጩኸት ነው ማለትሽ ውሸት የለውም። ለጩኸት ብሎ የሚጮህ ሮክ አለ፤ እሱም የራሱ ወዳጅ አለው። ሜሎዲክ ሮክ ላይ ግን ጊታሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከፊት የሚቆመው ዜማው ነው። መለያውን ልንገርሽ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ድምፃዊው ያለውን ብቻ ሳይሆን ጊታሩ የተጫወተውንም በአፍሽ ካንጎራጎርሽ፣ እሱ ነው። ጆርኒ፣ ፎሪነር፣ ቶቶ፣ ስዊድናውያኑ ዩሮፕ፣ እንግሊዞቹ ዴፍ ሌፐርድ፣ ሁሉም እዚህ ሰፈር ይገኛሉ።

ጀማሪን ግን እኔ የምልከው ወደ ቦስተን የመጀመሪያ አልበም ነው። የአልበሙም ስም እንደ ባንዱ «ቦስተን» ነው። የወጣው ኦገስት 25 ቀን 1976 ነው። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1968 መሆኑ ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን። ስምንት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ተደምሮ 38 ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ ሃያ ዘፈን ጭነው ከሚመጡት አልበሞች ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ማነሱ ደስ ይለኛል።

ኤርፎን አድርጊ። በስልክሽ ስፒከር እንዳትሰሚው፤ ግማሹን ነገር ይበላዋል። መጀመሪያ «ሞር ዛን ኤ ፊሊንግ»ን ክፈቺ። ከዝምታ ተነስቶ ቀስ እያለ የሚቀርብ ጊታር ይመጣል። አኩስቲክ ነው፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ነው የሚነኩት። ቤዙና ድራሙ ይከተላሉ። ኤሌክትሪክ ጊታሩ አጭር ዜማ ጣል ያደርጋል። ከዚያ ድምፃዊው ብራድ ዴልፕ በለሆሳስ መዝፈን ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ አንቺን የሚያስበረግግ አንዳች ነገር የለም። አዝማቹ ላይ ስትደርሺ ነው ጊታሩ በግራም በቀኝም የሚከፈተው። ሥሩ ጭብጨባ አለ፤ ስንት ጊዜ ሰምተውት ጭብጨባውን ያላስተዋሉ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ጆሮሽን ሰብሰብ አድርጊ። ሶሎው፣ ማለትም ጊታሩ ለብቻው ከፊት ሆኖ የሚጫወትበት ክፍል፣ ሊገባ ሲል ዴልፕ ድምፁን እየሰቀለ፣ እየሰቀለ ይሄዳል። ሌላው ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ላይ ሲደርስ ጊታሩ ተቀብሎት ይቀጥላል። የሰው ድምፅ የት ላይ እንዳለቀ፣ ጊታሩ የት ላይ እንደጀመረ ለመለየት መልሼ መላልሼ የሰማሁት ቦታ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ሶሎ አብረሽው አንጎራጉሪ። ትችያለሽ። ፍጥነት ለማሳየት ተብሎ የገባ ነገር የለበትም። ሁሉም ዜማ ነው።

ግጥሙ እንግዳ አይሆንብሽም። ሰውየው አንድ የድሮ ዘፈን ሲሰማ ትታው የሄደች ማሪያን የምትባል ልጅ ትዝ ትለዋለች። ይኸው ነው። እኛ ለዚህ ስሜት ሙሉ ቅኝት ያለን ሰዎች ነን። ዘፈኑን የጻፈው ቶም ሾልዝ ሲናገር ግን ማሪያን ፍቅረኛው አልነበረችም። እሱ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ እንደሷ ቆንጆ ሴት የለችም ብሎ ያደንቃት የነበረች፣ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው ዘመዱ ናት። ዘፈኑን እንዲጽፍ ያነሳሳው የድሮ ዘፈን ደግሞ ሌፍት ባንክ የተባሉት ልጆች በ1966 ያወጡት «ዎክ አዌይ ረኔ» ነው።

እሱን ከወደድሽው ወደ «ፒስ ኦፍ ማይንድ» እለፊ። ከዚያ «ሂች ኤ ራይድ»ን ስሚ፤ እሱ ለእኔ የአልበሙ ድብቅ ሀብት ነው። ረጅሙን፣ በኦርጋን የሚጀምረውንና ወደ ስምንት ደቂቃ የሚጠጋውን «ፎርፕሌይ/ሎንግ ታይም»ን ግን ለመጨረሻ አቆዪው። ኦርጋኑ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ልክ ጊታሩ ሲገባ ይፈታል።

ጋሽዬ፣ 23 ዓመቴ ነው። ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ጊታር አለኝ። እውነት ሰውየው አልበሙን ቤቱ ውስጥ ነው የቀዳው? እንግዲያው እኔስ ለስቱዲዮ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?
ዮናስ፣ ከሐዋሳ

ዮናስ፣ እውነት ነው። ግን ታሪኩ ወደ አንተ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል። ከሥሩ ልንገርህ።

ቶም ሾልዝ ኤም አይ ቲ ከሚባለው ትልቅ የቴክኖሎጂ ተቋም በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ማስተርሱን የያዘ ሰው ነው። ቀን ቀን በፎቶ ካሜራዎቹ የምናውቀው ፖላሮይድ ውስጥ በኢንጂነርነት ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ከቦስተን ከተማ አጠገብ ባለችው ዋተርታውን፣ በሚኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይቀዳል። ክፍሏን ስቱዲዮ ብለህ እንዳታስብ። ከቤቱ ማሞቂያ አጠገብ ያለች ጠባብ ጥግ ናት። አልፎ አልፎ ውኃ ይገባባት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ደመወዙን ይቆጥብና ዕቃ ይገዛል፤ የሚገዛው ያጣውን ደግሞ ራሱ ይሠራል። ለኩባንያዎች የላከው ማሳያ ካሴት ከበርካታ ቦታ ተመልሶበታል። ሰውየው ግን ሥራ ውሎ ይመጣና ይቀጥላል። የመጀመሪያው ዘፈን ብቻ እንዲህ በማታ ማታ ሲነካካ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቷል።

አሁን ስለ ማሽኑ። አንተ ላፕቶፕህ ላይ መቶ ትራክ፣ ማለትም ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት መስመር፣ ብትከፍት ማን ጠያቂ አለህ? ሾልዝ የነበረው 12 ትራክ ያለው የስከሊ ቴፕ ማሽን ነው። ድራም ያንን ያህል ይበላል፤ ቤዝ አለ፤ ሁለት ጊታር ሪትም አለ፤ ዜማ የሚጫወቱት ጊታሮች እየተደራረቡ ይሄዳሉ፤ ኦርጋን አለ፤ አኩስቲክ አለ። ሲሞላ ምን ታደርጋለህ? የቀዳኸውን ሦስት አራት ትራክ ደባልቀህ ወደ አንድ ትራክ ታጋባለህ። የተለቀቁት ላይ አዲስ ትቀዳለህ። ካጋባህ በኋላ «ያቺን ጊታር ትንሽ ዝቅ ላድርጋት» ብትል አይሆንም። እንቁላሉን ከመታኸው በኋላ አስኳሉን ለይልኝ እንደማለት ነው።

እኔ ፒያሳ ካሴት ቤት ስሠራ ካሴት ከካሴት እገለብጥ ነበር። በእያንዳንዱ ግልባጭ ሹሹታው ይጨምራል፤ ሲምባሉ ይደበዝዛል። ሦስተኛው ግልባጭ ላይ ደንበኛ «ይሄ ዝናብ ላይ ነው እንዴ የተቀዳው?» ይልሃል። እና ይህን አልበም ስሰማ ከሁሉ የሚገርመኝ ንጽሕናው ነው። ያ ሁሉ ድርብርብ ሳይጨማለቅ የወጣው፣ ሰውየው የትኛው ድምፅ የት እንደሚቀመጥ ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ከመቅዳቱ በፊት ቅንብሩ ጭንቅላቱ ውስጥ አልቋል።

ሌላም ችግር ነበረበት። የዚያ ዘመን የጊታር አምፕ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነው። ሰው ተከራይቶ በሚኖርበት ቤት ይህን እንዴት ታደርጋለህ? ኢንጂነሩ መላ አበጀ። አምፑ ሙሉ ኃይሉን እያወጣ፣ ስፒከሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ኃይል የሚያስቀር ዕቃ ለራሱ ሠራ። ድምፁ ያው ወፍራሙ ድምፅ፣ ጩኸቱ ግን ቤት የሚችለው ሆነ። በኋላ ይህንን ዕቃ «ፓወር ሶክ» ብሎ ለገበያ አውጥቶታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ሲያስፈርመው፣ ሥራው በደንበኛ ስቱዲዮ፣ በባለሙያ ፕሮዲዩሰር እንደገና ይቀዳ አለ። ሾልዝ ደግሞ ከምድር ቤቱ ወይ ፍንክች። ፕሮዲዩሰሩ ጆን ቦይላን ብልጥ ሰው ነው። የቀሩትን የባንዱን ልጆች ይዞ ሎስ አንጀለስ ገባ። እነሱ እዚያ «ሌት ሚ ቴክ ዩ ሆም ቱናይት» የሚለውን ዘፈን ይቀዳሉ። ኩባንያው ሥራው ካሊፎርኒያ እየተሠራ ነው ብሎ አርፎ ይተኛል። ሾልዝ በዚያን ጊዜ ዋተርታውን ቁጭ ብሎ ጊታሩን፣ ቤዙንና ኦርጋኑን ለብቻው ይቀዳል። ሲጨርስ ቦይላን ከፕሮቪደንስ የቀረጻ መኪና አስመጣ። ኬብሉ በምድር ቤቱ መስኮት ገባ። 12 ትራኩ መኪናው ውስጥ ወዳለው 24 ትራክ ማሽን ተገለበጠ።

እንግዲህ ላንተ ጥያቄ መልሱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዴልፕ ድምፅ የተቀዳው ሎስ አንጀለስ፣ ካፒቶል ስቱዲዮ ነው። ሚክሱም፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ተመጣጥነው የሚዋሃዱበት ሥራ፣ የተሠራው እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ በሌላ ትልቅ ስቱዲዮ ነው። «ቤቱ ውስጥ ቀዳው» የሚሉ ሰዎች ይቺን ይዘሏታል። ስለዚህ ጊታርህን ቤትህ ቅዳ። ጊዜ ወስደህ፣ ሳትጣደፍ፣ የደቂቃ ሒሳብ ሳይቆጥርብህ ቅዳ። ለድምፅህና ለሚክሱ ግን ገንዘብ አውጣ። ለአንዲት ዘፈን ብቻ ቢበቃህም በአንዲት ዘፈን ጀምር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ወፍራም ጊታር የፈለግክ እንደሆነ አንድ ጊዜ የተጫወትከውን ኮፒ አድርገህ ግራና ቀኝ አትለጥፍ። ሁለት ጊዜ ተጫወተው። ሁለቱ አጨዋወት በፀጉር ስንጥቅ ይለያያሉ፤ ውፍረቱን የሚያመጣው ያ ልዩነት ነው። ኮፒ ብታደርግ ድምፁ ይጨምራል እንጂ አይሰፋም። ሾልዝ አንዱን ዜማ እየደጋገመ ይጫወት ነበር፤ ያውም በስምም ሁለተኛ ድምፅ እያስከተለ። የሱን ጊታር በሰከንድ ውስጥ የምንለየው ለዚህ ነው።

የአባቴ ካሴቶች ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የሚበር ዕቃ የተሳለበት ቦስተን የሚል አገኘሁ። ሥዕሉ ምንድን ነው? ሻይ ማቅረቢያ ትሪ ይመስላል።
ፍጹም፣ ከደሴ

ትሪ! ፍጹም፣ ገልብጠህ እየው። ጊታር ነው። ምድር ስትፈነዳ ሰዎች በጊታር ቅርጽ በተሠሩ መንኮራኩሮች እየሸሹ ነው። እያንዳንዱ መንኮራኩር ላይ በመስታወት ጉልላት የተሸፈነ ከተማ አለ። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ የቦስተን ነው፤ ስሙ ተጽፎበታል። ሥዕሉን የሠራው ሮጀር ሃይሰን ነው። ሥራውን የመራችው ደግሞ በኋላ በግራፊክ ዲዛይን ዓለም አንቱ የተባለችው ፖላ ሼር ናት። ከሥራዎቿ ሁሉ ይህን አብልጣ እንደማትወደው በይፋ ተናግራለች። ሰው ግን ይህንኑ ያነሳባታል። ካሴቱን ከማጫወትህ በፊት በእርሳስ ጠምዝዘህ አላላው። ዓመታት የተቀመጠ ካሴት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ ከተጠመጠመ ያስለቅስሃል።

ወንድሜ፣ እኔ በ80ዎቹ አሜሪካ ስገባ ይህ አልበም በየሬዲዮው ነበር። ታክሲ ስነዳ ያልሰማሁበት ሌሊት የለም። አንድ ነገር ግን አይገባኝም። እንዲህ የተሸጠላቸው ልጆች ለምን በየዓመቱ አላወጡም? ድምፃዊውስ ምን ሆነ?
የድሮ ሹፌር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ እርስዎ ሌሊት የሰሙትን እኛ ካሴት ግልባጭ ላይ ነው የሰማነው፤ ስለዚህ ቀንቻለሁ።

ሽያጩን ላስቀድም። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ የ17 ሚሊዮን ቅጂ የፕላቲነም ማረጋገጫ አግኝቷል። የሚገርመው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ከ3ኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ተከታዮቹ ሁለቱ 1ኛ ወጥተዋል፤ በሽያጭ ግን አጠገቡ አልደረሱም። አንደኛ መውጣትና ዘመን መሻገር ለየቅል ናቸው።

ለምን ዘገዩ ላሉኝ፣ መልሱ ያው ምድር ቤቱ ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ሲበስል የኖረን ነገር በዓመት ድገም ቢሉት ከየት ያመጣል? ሁለተኛው «ዶንት ሉክ ባክ» በ1978 ወጣ። ለእኛ ሁለት ዓመት በቂ ይመስላል፤ ሾልዝ ግን ተጣድፌ ነው የለቀቅኩት ብሎ ሲያማርር ኖሯል። ከዚያ «ዳግም አልቸኩልም» ያለ ይመስል በራሱ ፍጥነት መሥራት ጀመረ። የኤፒክ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሲቢኤስ ታገሠ፣ ታገሠ፣ በ1983 ውል አፍርሰሃል ብሎ ከሰሰው። ሦስተኛው አልበም «ሰርድ ስቴጅ» የወጣው በ1986፣ ያውም በሌላ ኩባንያ፣ በኤምሲኤ በኩል ነው። አልበሙም 1ኛ፣ «አማንዳ» የተባለው ዘፈኑም 1ኛ። ክርክሩ በመጨረሻ ለሾልዝ ተፈርዶለታል።

እንግዲህ እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከሾልዝ ጋር አይደለሁም። ስምንት ዓመት መጠበቅ ለአድማጭ ረጅም ነው። ባንድ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ባሪ ጉድሮ ጊታር፣ ፍራን ሺሃን ቤዝ፣ ሲብ ሃሺያን ድራም፣ ሁሉም ወጣቶች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው አለቃ ሚክስ እስኪጨርስ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ድራመር ጂም ማስዲያ ታሪክማ ይባስ። ማሳያዎቹን ከሾልዝ ጋር አብሮ የሠራ ልጅ ነው። ውል ሲመጣ ቦታውን ለሃሺያን ለቀቀ። አልበሙ ላይ ማስዲያ የሚሰማው «ሮክ ኤንድ ሮል ባንድ» በሚለው ዘፈን ብቻ ነው። ድራሙን በዚህ ጆሮ መልሰው ይስሙት።

ብራድ ዴልፕ በማርች 2007 በ55 ዓመቱ አርፏል። ዝና ሳይመጣ በፊት የቡና ማፍያ ማሞቂያ ብረት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የአልበሙ ላይ ድምፅ ሁሉ፣ መሪውም ተቀባዮቹም፣ በአብዛኛው የሱ ነው። ብዙ ሰው የመሰለዎት ያ መዘምራን የሚመስል አዝማች አንድ ሰው ነው፤ ራሱን በራሱ ላይ እየደረበ የዘፈነ። ስለ ሰውየው የሚያውቁት ሁሉ ትሑትነቱን ያነሳሉ። ሾልዝ የፈለገው ማሽን ቢኖረው ይህን ድምፅ አይሠራም ነበር።

ኧረ ይተዉን! ይህ ሙዚቃ ላስቲክ ነው። ሁሉም በመስመር፣ ሁሉም የተላጨ። የእኛዎቹ የዚያ ዘመን ባንዶች አንድ ክፍል ገብተው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የቀዱት። ነፍስ ያለው ያ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ተደብቆ የሚለጣጥፈው ምኑ ባንድ ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

ስምዎ ይቆይ፣ ቁጣዎ ግን ደርሶኛል። ግማሹን እቀበላለሁ።

እኔም ሠርግ ላይ የባንድ ድምፅ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳክስፎኑ ድራመሩን አይቶ ትንሽ ሲዘገይ፣ ዘፋኙ ገብቶት አንድ ስንኝ ሲደግም፣ ያንን ማንም ለብቻው ደርቦ አያመጣውም። የእኛን የዚያ ዘመን ቅጂ ሲሰሙ የአንዱ መሣሪያ ድምፅ የሌላው ማይክ ውስጥ ይገባል። እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስልዎታል። ቦስተን ላይ ክፍል የለም። አየሩ የተሠራ አየር ነው። አልበሙ ሲወጣም ተቺዎች ይህንኑ ቅዝቃዜ አንስተውበታል።

ግን «ሁሉም በመስመር» የሚለውን አልቀበልም። «ስሞኪን»ን ይስሙ። ኦርጋኑ መሐል ላይ እንዴት እንደሚፈነጥዝ፣ ምን ያህል እንደሚቀብጥ ይስሙ። ይህን ሰው ማሽን ነው የሚሉት? ማሽን የሚባለው ነገር በዚህ አልበም ላይ መቅረጫው ብቻ ነው። ድራሙን ሰው ነው የመታው። በ1976 ጊታር አምልጦ ከምት ቢወጣ በማውዝ ጎትተው የሚመልሱበት ኮምፒዩተር የለም። የተበላሸ እንደሆነ ያው ከመጀመሪያ መጫወት ነው። አሁን ላስቲክ የሚመስልዎት ልስላሴ በጣት የተላገ ነው።

ከፈለጉ ግን ክርክርዎን የሚያጠናክር ነገር ላቀብልዎ። ሾልዝ በ1982 ዎክማን የምታክል «ሮክማን» የምትባል የጊታር አምፕ አወጣ። ኤርፎን ሰክተው፣ ጊታር ሰክተው፣ ያ የቦስተን ድምፅ ከኪስ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው ቢሉኝ አልከራከርም። ማንም ገዝቶ ሰካው። ዴፍ ሌፐርዶች በ1987 ያወጡት «ሂስቴሪያ» የተባለው ግዙፍ አልበም ላይ ጊታሩ በአብዛኛው በዚህች ሳጥን የተቀዳ ነው። እሱን ሰምተው ላስቲክ ቢሉኝ ዝም እላለሁ። ባይሆን አዝማቾቹን እወዳቸዋለሁ።

እና አልበሙ ጉድለት የለበትም አልልም። ግጥሙ ተራ ነው። «ፒስ ኦፍ ማይንድ» ብቻ የሚነክስ ነገር አለው፤ በመሥሪያ ቤት ወንበር የሚሽቀዳደሙ ሰዎችን ነው የሚሸነቁጠው። ሾልዝ ፖላሮይድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየውን ነው የጻፈው። የመጨረሻው «ሌት ሚ ቴክ ዩ ሆም ቱናይት» ደግሞ ከቀሪዎቹ ሰባቱ ጋር አይገጥምም። ያ ሎስ አንጀለስ የተቀዳው ዘፈን ነው፤ ጆሮ ያላት ድመት እንኳ ትለየዋለች። አስቂኙ ነገር፣ እርስዎ ነፍስ አለው የሚሉት ዓይነት አሠራር፣ ማለትም ባንዱ በደንበኛ ስቱዲዮ ተሰብስቦ የቀዳው፣ እሱ ብቻ ነው። ደካማውም እሱ ነው። ይስሙትና ይጻፉልኝ። በስምዎ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ጊታር ከጀመረ ስምንት ወሩ። ስለዚህ ባንድ አንብቦ «ያንን ዘፈን ካልተማርኩ» እያለ ነው። ይከብደው ይሆን? ኤሌክትሪክ ጊታር ግዢልኝም እያለኝ ነው።
የአብሮኝ እናት፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ኤሌክትሪኩን ገና አይግዙ። የ«ሞር ዛን ኤ ፊሊንግ» መግቢያ በአኩስቲክ ነው፤ ያለው ጊታር ይበቃዋል። በዲ ኮርድ ይጀምር፤ ትንሿን ጣት እያስገባና እያወጣ። ከዚያ ወደ ሲ፣ ቀጥሎ ጂን ቤዙ ላይ ቢ ይዞ፣ በመጨረሻ ሙሉ ጂ። ክሮቹን አንድ በአንድ ይንካ እንጂ አይፈትግ። እዚህ ላይ ነው ልጆች የሚሰለቹት፤ ቀስ ብሎ፣ በዘፈኑ ግማሽ ፍጥነት ይለማመድ። የቀኝ እጁ ጣቶች ሳያያቸው መሄድ ሲጀምሩ ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል።

አዝማቹ አራት ኮርድ ብቻ ነው፤ ጂ፣ ሲ፣ ኢ ማይነር፣ ዲ። ስምንት ወር የተማረ ልጅ እነዚህን ያውቃቸዋል። ሶሎውን ለጊዜው ይተወው፤ ይልቁን በአፉ ያንጎራጉረው። ዜማው ከአፉ ሳይስት ከወጣ፣ ጣቱ የት እንደሚሄድ ያውቃል። አብሮኝ ይህን ሁሉ ሳይቆራረጥ ከተጫወተልዎ፣ ያን ጊዜ ስለ ኤሌክትሪኩ እንነጋገራለን። አምፕ ሲገዙ ግን የኤርፎን መሰኪያ ያለው ይሁን፤ ለጎረቤትዎ ሲባል።